ፍሪደንሽታይን፦ አባ ጎርጎርዮስ ያዩት ግንብ ከዚያ በፊትና ከዚያ ወዲህ

በመካከለኛው ጀርመን፣ ቱሪንጂያ በሚባለው ክልል፣ ጎታ የምትባል ከተማ አለች። ከተማዋን ከላይ ሆኖ የሚመለከታት ፍሪደንሽታይን የሚባል ቤተ መንግሥት ነው። ስለ ኢትዮጵያ ጥናት ታሪክ ያነበበ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ በ1652 የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ከሮም ተነሥተው እዚህ ድረስ መጥተው፣ ከመስፍኑ ጋር ተቀምጠው ስለ አገራቸው የተጠየቁትን መልሰዋል። (ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እንግዳው ብዙ ይባላል። ቤቱ ግን ሁሌም የሚታለፈው እንደ ጀርባ ሥዕል ሆኖ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ቤቱ ነው።

ኮረብታው ላይ የቆመው ግንብ በየዘመኑ ሥራው ተለዋውጧል። ምሽግ ነበር፤ ፈረሰ። ከዚያ የመስፍን መኖሪያ፣ የመንግሥት ቢሮ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሳንቲም መምቻ፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት፣ ቲያትር ቤት ሆነ። ዛሬ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ነው። ብዙዎች እንዲህ ያለ ሕንፃ ለዘመናት የሚቆየው ግድግዳው ስለሚወፍር ይመስላቸዋል። የጎታ ታሪክ ተቃራኒውን ያሳያል። በዚያው ቦታ መጀመሪያ የነበረው ግንብ ለጦርነት ብቻ የተጠናከረ ነበር፤ ሁለት ጊዜ እንዲፈርስ ተፈርዶበታል። ሁለተኛው የቆየው ከመሠረቱ ብዙ ሥራ እንዲይዝ ተደርጎ ስለታነጸ ነው።

የመጀመሪያው ግንብ ስሙ ግሪመንሽታይን ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሳክሶኒ መሳፍንት ከመድፍ ዘመን ጋር እንዲመጣጠን አድርገው በአፈር ግድብና በጉድጓድ አጠናከሩት። በ1547 መራጩ መስፍን (ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት መሳፍንት አንዱ) ዮሐን ፍሪድሪክ ሙልበርግ ላይ በንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ሲሸነፍና ሲማረክ፣ ምሽጉ እንዲፈርስ ታዘዘ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተገነባ። ሁለተኛው ጥፋት ግን የከፋ ነበር። የመስፍኑ ልጅ፣ እሱም ዮሐን ፍሪድሪክ የሚባል፣ ቪልሄልም ፎን ግሩምባኽ የተባለ በሕግ የሚፈለግ ባላባት ምሽጉ ውስጥ አስጠግቶ አላስረክብም አለ። የሳክሶኒው መራጭ መስፍን አውጉስት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ከበባ ጣለ፤ ጎታ በሚያዝያ 1567 እጇን ሰጠች። ግሩምባኽ በከተማዋ ገበያ መሐል አራት ተቆራርጦ ተገደለ። መስፍኑ ዕድሜ ልኩን ታስሮ በ1595 እዚያው እስር ላይ እያለ ሞተ። ምሽጉም ፈረሰ።

ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ምሽግ አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ ያ ሥራ ደግሞ ለጎረቤት ሥጋት ነው። ስለዚህ ያሸነፈው ወገን መጀመሪያ የሚያደርገው ማፍረስ ነው። ኮረብታው ከዚያ በኋላ ወደ ሰባ ስድስት ዓመት ገደማ ፍርስራሽ ተሸክሞ ቆየ።

በጦርነት መሐል የተጀመረ ግንባታ

በ1640 የሳክሶኒ መሳፍንት ቤተሰብ ርስት ሲከፋፈል ጎታ ለኤርንስት ደረሰችው። በኋላ ሃይማኖተኛው የሚል ቅጽል የወጣለት ነው። በጥቅምት 1643 አዲስ ግንብ ማሠራት ጀመረ። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ገና አላለቀም፤ ቱሪንጂያ በወታደር ዝርፊያና በወረርሽኝ ደቃ ነበር። በዚህ ሰዓት ይህን የሚያህል ቤት መጀመር እብደት ይመስላል። የኤርንስት ስሌት ግን ሌላ ነበር፤ መኖሪያ፣ ጽሕፈት ቤትና ግምጃ ቤት ለየብቻ ከማሠራት ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ ይቀላል፤ ቁጥጥሩም በእጅ ይሆናል።

ዕቅዱን ያወጣው ካስፓር ፎግል ነው። ድንጋዩ ከከተማዋ አጠገብ ካለው ከዜበርግ ኮረብታ የተፈለጠ አሸዋማ ድንጋይ ነው። ሕንፃው ሦስት ክንፍ አለው። ሰሜን ላይ ዋናው፣ ከእሱ ጎንና ጎን ወደ ደቡብ የሚዘረጉ ሁለት፣ የሁለቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ወፋፍራም ማማዎች። ጠቅላላ ስፋቱ ወደ 100 በ140 ሜትር ነው። ግቢው በደቡብ በኩል ክፍት ነው፤ ዙሪያውን በቅስት የተሸፈነ በረንዳ አለው። ይህ በረንዳ ጌጥ ብቻ እንዳይመስል። ጸሐፊው፣ ፈረሰኛው፣ ባለጉዳዩ፣ ቄሱ ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው ሲሄዱ የመስፍኑን መኖሪያ ክፍሎች ሳይረግጡ በዝናብም በበረዶም የሚተላለፉበት መንገድ ነው። አንድ ሕንፃ ብዙ ሥራ እንዲይዝ ከተፈለገ ዋናው ነገር የክፍሉ ብዛት ሳይሆን መተላለፊያው ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ ለመግባት ሌላውን ማቋረጥ ግድ ከሆነ ሥራዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

የመጀመሪያው አገልግሎት የጀመረው ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ በ1646 ተመረቀ። የቀረው ግንባታ እስከ 1654 ቀጠለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የመሳፍንቱ መቃብር አለ። በሰሜኑ በር ላይ በ1650 የተቀረጸ ድንጋይ ይታያል፤ ሰላምና ፍትሕ በሁለት ሴቶች ተመስለው ይሳሳማሉ። ዙሪያው ላይ የተጻፈው ቃል ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ይበላል የሚል ነው። ጦርነቱ ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ኤርንስት ራሱ ግን በቃሉ ብቻ አልተማመነም። ግንቡ ካለቀ በኋላ ዙሪያውን ምሽግ አሠርቶበታል፤ ከአፈሩ ሥርም ካሴማት የሚባሉ ባለ ቅስት መተላለፊያዎች አሉ። ወታደር የሚጠለልባቸውና ከውጭ ጠላት ከሥር እየቆፈረ መምጣት አለመምጣቱ የሚደመጥባቸው ናቸው።

1652

አባ ጎርጎርዮስ የመጡት ግንባታው ገና ሳያልቅ ነው። በኢየሱሳውያኑ ዘመን ከካቶሊኮቹ ጋር የቆሙ ስለነበሩ፣ አጼ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ሲያባርሩ አባ ጎርጎርዮስም ከአገር ወጥተው በስደት ሮም ደርሰዋል። በ1649 ከኤርፉርቱ ተወላጅ ከቋንቋ ሊቁ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር የተገናኙት እዚያ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም በሳንቶ ስቴፋኖ ነው። ሉዶልፍ በኋላ በመስፍን ኤርንስት አገልግሎት ሲገባ ስለ እሳቸው ነገረው፤ መስፍኑም አስጠራቸው። ፋሲለደስ ጎንደር ላይ ግንባቸውን ባሠሩበት ዘመን ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚሆነው።

ውይይቱ የተካሄደው ሉዶልፍ እያስተረጎመ ነው። መስፍኑና አማካሪዎቹ ያተኮሩት ሃይማኖት ላይ ነበር፤ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ቁርባን፣ ስለ ጾም፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለምታምነው። ፕሮቴስታንቱ ኤርንስት ከሮም ያልተወለደ ጥንታዊ ክርስትና ማግኘቱ በጣም አጓጉቶታል። ለእኛ ግን የሚበልጠው ከጎን የተሠራው ሥራ ነው። ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ይዞ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ይህን አላዩም፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በባሕር ሰጥመው ሞቱ።

መስፍኑ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1663 የሉዶልፍን ተማሪ ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብን ገንዘብ ሰጥቶ ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ቫንስሌብ ግብፅ ደረሰ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ወደ ሐበሻ መሄዱን ከለከለው፤ እሱም ወደ ሮም ዞሮ ካቶሊክ ሆነና ዶሚኒካን መነኩሴ ሆኖ ቀረ። ለሃይማኖተኛው ኤርንስት ከዚህ የባሰ መርዶ አልነበረም። እንዲህም ሆኖ ጎታ ከኢትዮጵያ ጋር የነበራት ጉዳይ በዚህ አላበቃም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ድንቃድንቅ ክፍልና ዝሆኑ

ኤርንስት ከመኖሪያው ጋር ሁለት ነገር አስገብቶ ነበር። አንደኛው በ1647 የተመሠረተው ቤተ መጻሕፍት ነው። ሁለተኛው የድንቃድንቅ ክፍል ነው፤ በዚያ ዘመን መሳፍንት የዝሆን ጥርስ ቅርጽ፣ የሩቅ አገር መሣሪያ፣ እንግዳ ዛጎል፣ ሰዓትና ሳንቲም አብረው የሚያኖሩበት። እንዲህ ያለ ክፍል ብዙ ጊዜ የመኩራሪያ ጉዳይ ነው። ጎታ ላይ ግን ወደ ምርምር ዞረ፤ ያዞረው ደግሞ አንድ አጥንት ነው።

በ1695 መጨረሻ ከጎታ ብዙም በማትርቀው ቡርግቶና ላይ ሠራተኞች አሸዋ ሲቆፍሩ ግዙፍ አጥንቶች አገኙ። ነገሩ ወደ መስፍኑ ዘንድ መጣ። የጎታ ሐኪሞች ተሰብስበው አጥንት አይደለም፣ ምድር ራሷ የሠራችው የማዕድን ቅርጽ ነው ብለው ፈረዱ። የቤተ መንግሥቱ የታሪክ ጸሐፊ ቪልሄልም ኤርንስት ቴንትሰል ግን አልተስማማም። አጥንቱን አንድ በአንድ ከታወቀ ዝሆን አጥንት ጋር አስተያየ፤ ጥርሱን፣ የራስ ቅሉን፣ መገጣጠሚያውን። በ1696 ይህ የእውነተኛ ዝሆን አጥንት ነው ብሎ ጽፎ አወጣ። ልክ ነበር። ጀርመን ውስጥ ቀጥ ያለ ጥርስ የነበራቸው ዝሆኖች በጥንት ዘመን ይኖሩ ነበር። ሐኪሞቹ የተሳሳቱት ያልተመለከቱ ሆነው ሳይሆን፣ በዚህ ብርድ ምድር ዝሆን ሊኖር አይችልም ከሚለው ተነሥተው ስለሆነ ነው።

ኳስ መጫወቻው ቲያትር ሆነ

የምዕራቡ ማማ ውስጥ መጀመሪያ የኳስ መጫወቻ አዳራሽ ነበር። መሳፍንት በዚያ ዘመን በመረብ ላይ ኳስ መምታት ይወዱ ነበር፤ ለዚህም ከፍ ያለ ጣሪያና መስኮት የበዛበት ባዶ ክፍል ያስፈልጋል። ከ1681 እስከ 1683 ባለው ጊዜ የኤርንስት ልጅ ፍሪድሪክ አንደኛ ወደ ቲያትር ቤት ለወጠው። ለውጡ የሠመረው የኳስ አዳራሽና ቲያትር የሚጠይቁት ቦታ ስለሚመሳሰል ነው፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ የሌለበት፣ ረጅም፣ ከፍ ያለ ክፍል። ከላይ ሥዕሎችን ለመስቀል፣ ከታች ደግሞ ማሽኑን ለመትከል ቦታ ተገኘ።

የመድረኩ የእንጨት ማሽን እስካሁን ይሠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመድረኩ ግራና ቀኝ ጫካ፣ አዳራሽ ወይም ጎዳና የተሳለባቸው ረጃጅም ሰሌዳዎች በተርታ ይቆማሉ። ሰሌዳው የታሰረበት ፍሬም በወለሉ ላይ ባለ ቀጭን ስንጥቅ በኩል አልፎ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል፤ እዚያ ባለ ጎማ ጋሪ ላይ ተተክሏል። ጋሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ወደ መድረኩ ሲገባ ጓደኛው ይወጣል። የሁሉም ጋሪ ገመድ የሚጠቀለለው ደግሞ መሐል ላይ በተጋደመ አንድ ትልቅ የእንጨት ግንድ ላይ ነው። ሰዎቹ ግንዱን ሲያሽከረክሩ ሁሉም ጋሪ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ተመልካቹ እያየ፣ መጋረጃ ሳይዘጋ፣ ጫካው በጥቂት ሴኮንድ ከተማ ይሆናል።

ችግሩ ያለው ገመዱና እንጨቱ ላይ ነው። የቃጫ ገመድ እርጥበት ሲያገኝ ይወፍርና ያጥራል፤ ሲደርቅ ይላላል። የአንዱ ጥንድ ገመድ ከሌሎቹ ጥቂት ካጠረ ወይም ከረዘመ ያ ሰሌዳ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል፤ ስድስት ሰባት ሰሌዳ ገብቶ አንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ አስማቱ ሁሉ አበቃ። ስለዚህ ማሽኑን የሚይዝ ሰው ዋና ሥራው ከትዕይንቱ በፊት ገመዱን አንድ በአንድ ማመጣጠን ነው። የወለሉ ጣውላም እርጥበት ጠጥቶ ከተነፋ ስንጥቁ ይጠብና ፍሬሙን ይይዘዋል፤ በጉልበት ከተጎተተ የሚሰበረው ፍሬሙ ነው። እንዲህ ያለ ቤት በክረምት ማሞቂያ አስገብቶ ማድረቅ መፍትሔ አይሆንም፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። በዚህ ቲያትር ቤት በየዓመቱ የሚደረገው የኤክሆፍ ፌስቲቫል በበጋ የሚካሄደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላው ነገር የተመልካቹ መቀመጫ ነው። ሰሌዳዎቹ ላይ ያለው ሥዕል ወደ ኋላ እየጠበበ የሚሄደው ከአንድ ነጥብ እንዲታይ ተሰልቶ ነው። ያ ነጥብ የመስፍኑ ወንበር ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው በሰሌዳዎቹ መሐል ያለውን ባዶ ቦታ ያያል።

ቲያትር ቤቱ ስሙን ያገኘው ከተዋናዩ ኮንራድ ኤክሆፍ ነው። በግንቦት 1774 የቫይማር ቤተ መንግሥት ተቃጠለ፤ እዚያ ይጫወት የነበረው፣ ኤክሆፍ ያለበት የአቤል ዛይለር ቡድን መጠጊያ ፍለጋ ወደ ጎታ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት መስፍን ኤርንስት ሁለተኛ ኤክሆፍንና ተዋናዮችን በቋሚ ደመወዝ ቀጠረ። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር፤ ተዋናይ ማለት ከከተማ ከተማ በጋሪ የሚዞር፣ ብዙ ሰው የሚንቀው ሰው ነበርና። ኤክሆፍ በ1778 ሞተ፤ በ1779 ቲያትሩ ተዘጋ፤ ተዋናዮቹ ወደ ማንሃይም ሄዱ። ከእነሱ መሐል ሙያውን ጎታ ላይ የጀመረው ኢፍላንድ በኋላ በመላው ጀርመን ስመ ጥር ሆኗል። የማሽኑ በሕይወት መትረፍ ግን ከዚህ መዘጋት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። በሥራ ላይ የቆዩ ቲያትር ቤቶች ወይ በሻማ እሳት ወደሙ፣ ወይ በየትውልዱ በአዲስ ማሽን ተተኩ። ጎታ ላይ ገንዘብም ፍላጎትም ስለጠፋ ማንም ሳይነካው ቀረ።

ምሽጉ ፓርክ ሲሆን

የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎታ በመጽሐፍና በወሬ የምትታወቅ ከተማ ሆነች። መስፍኒት ሉይዘ ዶሮቴያ ከፈላስፎች ጋር ትጻጻፍ ነበር፤ ቮልቴር በ1753 ወደ አንድ ወር ገደማ ቤቷ ከርሟል። ከ1770ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የመስፍን ኤርንስት ምሽግ መፍረስ ጀመረ። ያፈረሰው ጠላት አልነበረም፤ የቤቱ ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው። ግድቡ መድፍ በተሻሻለበት ዘመን ምንም አይመክትም፣ ጥገናው ግን ገንዘብ ይበላል። ቦታው የመናፈሻ አካል ሆነ፤ በአጠገቡም በአህጉሩ ከመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ዓይነት መናፈሻዎች አንዱ ተተክሏል። ከመሬት በታች ያሉት ካሴማቶች ግን ቀሩ፤ ዛሬ በአስጎብኚ ይታያሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ካሴማት የተሠራው ከላዩ የታመቀ፣ ውኃ የሚያንሸራትት ጭቃ እንዲጫንበት ነው። ያ ተነሥቶ የአትክልት አፈር ሲተካበት ውኃው እንደ ስፖንጅ ይያዛል፤ ቀስ እያለ በኖራው መጋጠሚያ ሰርጎ ይገባል፣ በክረምት በረዶ ሲሆን ድንጋዩን ይገፋዋል። የዛፍ ሥርም በዚያው ስንጥቅ ይከተላል። ከላይ ያማረው መናፈሻ ከታች ያለው ቅስት ጠላት ነው ማለት ይቻላል።

የጎታ መስፍናዊ ዘር በ1825 ጠፋ፤ በ1826 ጎታ ከኮቡርግ ጋር ተቀላቀለች። ከዚያ ወዲያ መስፍኑ በሁለት ከተማ እየተፈራረቀ ስለሚኖር ፍሪደንሽታይን ቀስ በቀስ መኖሪያነቱ ቀነሰ፣ ማከማቻነቱ ጨመረ። ስብስቡ ስለበዛም በ1879 በደቡብ በኩል ለሙዚየም ብቻ የታሰበ ሕንፃ ተከፈተ።

ስለ ኢትዮጵያ ያልኩት እዚህ ይመለሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎታ የነበረው የዩስቱስ ፔርቴስ ካርታ አሳታሚ ቤት በዓለም የታወቀ ነበር፤ የካርታ ሊቁ አውጉስት ፔተርማን እዚያ ይሠራል። በ1861 ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን የመራው ጉዞ የተደራጀው ከጎታ ነው፤ የጠፋውን ተጓዥ ኤድዋርድ ፎግልን ለመፈለግ ወጥቶ ሆይግሊንና የጉዞ ጓደኛው ሽቶይድነር በ1862 አጼ ቴዎድሮስ ዘንድ ደርሰዋል። በዚያው ዓመት መስፍን ኤርንስት ሁለተኛ ራሱ (የኮቡርግና ጎታው፣ ከቲያትሩ ኤርንስት ጋር እንዳይምታታ) ወደ ግብፅና በዛሬዋ ኤርትራ ወዳሉት ወደ ሐባብ፣ መንሳና ቦጎስ ምድር ተጉዟል። የፔርቴስ ስብስብ በ2003 በቱሪንጂያ መንግሥት ተገዝቶ ከግንቡ ቤተ መጻሕፍት ጋር ተያያዘ፤ ከ180 ሺህ በላይ ካርታ አለው። በአባ ጎርጎርዮስ ጊዜ በወሬ ብቻ የሚታወቅ አገር፣ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ወደ ልኬት ሲቀየር በአንድ ተቋም ውስጥ መከተል ይቻላል ማለት ነው።

ከ1918 በኋላ

በኅዳር 1918 የመጨረሻው መስፍን ካርል ኤድዋርድ ሥልጣኑን አጣ። በ1945 መጀመሪያ አሜሪካኖች ገቡ፤ በሐምሌ ሶቪየቶች ተተኩ። በ1946 ቤተ መጻሕፍቱና አብዛኛው የሥዕል ስብስብ ተጭኖ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደ። መጻሕፍቱ በ1956 ገደማ፣ ሥዕሎቹ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ተመለሱ፤ ሁሉም ግን አልተመለሰም። አንዳንዱ ቀድሞ በመስፍኑ ቤተሰብ ወደ ኮቡርግ ተወስዶ ነበር።

ከዚያ 1979 መጣ። ታኅሣሥ 13 ለ14 ሌሊት ሌቦች ምዕራቡ ክንፍ ላይ ባለው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ተንጠላጥለው ወጡ፤ መስኮት ሰብረው አምስት ሥዕል ይዘው ሄዱ። ከነሱ መሐል የታላቁ ሃንስ ሆልባይን «ቅድስት ካተሪና»፣ የፍራንስ ሃልስ የሰው ምስልና የታላቁ ያን ብሮይገል የገጠር መንገድ ሥዕል ይገኙበታል። የማስጠንቀቂያ ደወል ተገዝቶ ተተክሎ ነበር፤ ሥራ ግን ገና አልጀመረም። በምሥራቅ ጀርመን ታሪክ ትልቁ የሥዕል ስርቆት ነው። የደኅንነቱ መሥሪያ ቤት ብዙ ሰው መረመረ፣ ምንም አላገኘም።

የሕንፃ ጠባቂ ሁሉ ከዚህ የሚማረው አንድ ዝርዝር አለ። ለአንድ አደጋ የተደረገ መከላከያ ለሌላው በር ይከፍታል። መብረቁን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ለሌባው መሰላል ሆነ። ሙዚየም የሆነ አሮጌ ቤት ላይ ሽቦው ከመስኮት ርቆ መውረድ፣ ከታች ደግሞ ጥቂት ሜትር በልሙጥ ቱቦ መሸፈን አለበት።

ሥዕሎቹ አርባ ዓመት ጠፍተው ቆዩ። በ2018 አንድ ጠበቃ ለከተማዋ ከንቲባ ለክኑት ክሮይኽ መልእክት ይዞ መጣ፤ ረጅም ድርድር ተደርጎ በ2019 አምስቱም በርሊን ላብራቶሪ ውስጥ ቀርበው እውነተኛነታቸው ተረጋገጠ። በጥር 2020 ጎታ ላይ ለሕዝብ ታዩ።

አሁን ያለው ችግር ክብደትና አየር ነው

ዛሬ በአንድ ግንብ ውስጥ ብዙ ቤት አለ፤ የመሳፍንቱ ክፍሎች፣ ቲያትሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የታሪክና የተፈጥሮ ሙዚየም፣ እንዲሁም በምሥራቁ ማማ የምርምር ቤተ መጻሕፍቱ። የመንግሥት ቤተ መዛግብቱ ወጥቶ ከተማ ውስጥ ወዳለው ወደ ፔርቴስ ሕንፃ ሄዷል። ባለቤትነቱም የተከፋፈለ ነው። ግድግዳና ጣሪያው የቱሪንጂያ ግንቦችና መናፈሻዎች ተቋም ነው፤ ስብስቡ በ2004 የተቋቋመው የጎታ ተቋም ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ የኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ ነው። ጣሪያ ሲያፈስ ባልዲው የማን እንደሆነ መጠየቅ ቀልድ አይደለም።

የመጻሕፍት ክብደት ብዙ ሰው ይገምተዋል እንጂ አያውቀውም። አንድ ሜትር መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሺህ ሜትር ያለበት ክፍል ከ30 እስከ 40 ቶን ተሸክሟል ማለት ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ተሸካሚ የታሰበው ሰው እንዲረግጠው ነው። ስለዚህ አዋቂዎች መደርደሪያን ከክፍሉ መሐል ይልቅ ከግድግዳው ጋር ያስጠጋሉ፤ ተሸካሚው ጫፍ ላይ ጠንካራ፣ መሐሉ ላይ ደካማ ነውና።

አየሩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ወረቀትና ብራና ቀዝቃዛና የተረጋጋ አየር ይፈልጋሉ። በጣውላ ላይ የተሳለ ሥዕል፣ እንደ ሆልባይን ያለው፣ እርጥበቱ በፍጥነት ሲለዋወጥ ጣውላው ይጎብጥና ቀለሙ ይሰነጠቃል። ጎብኚ ግን ሙቀት ይፈልጋል፤ በክረምት መቶ ሰው እርጥብ ካፖርት ለብሶ ሲገባ እርጥበቱን ይዞ ነው የሚገባው። መስኮቱ ነጠላ መስታወት ከሆነ ያ እርጥበት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይወርዳል፤ ከሥዕል ጀርባ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። ለዚህ ነው ሥዕሎቹ አብዛኞቹ በ2013 ታድሶ ወደ ተከፈተው ወደ 1879ኙ ሕንፃ የሄዱት። እኔ እንደሚመስለኝ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ለሙዚየም የተሠራ ቤት እያለ ሥዕልን በመኝታ ቤት ማስቀመጥ ግትርነት ነው።

ለሚሄድ ሰው

ከኤርፉርት በክልል ባቡር ወደ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ፍራንክፈርት ያለ ሰውም በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይችላል። ከጣቢያው በመናፈሻው በኩል በእግር ይኬዳል። ሰኞ ሙዚየሞቹ ይዘጋሉ። በቀኑ መጀመሪያ ቲያትሩን ማየት ይሻላል፤ ማሽኑን ሳያዩ አዳራሹን ብቻ ማየት ከንቱ ስለሆነ የምድር ቤቱ ጉብኝት መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለካሴማቱ በበጋም ቢሆን ጃኬት ያስፈልጋል። የሰሜኑን በር ቅርጽ ለማየት ከውጭ ሆኖ ወደ ላይ ማየት ነው፤ ብዙ ሰው ከሥሩ አልፎ ይገባል።

ቤተ መጻሕፍቱ ወደ 3,500 ገደማ የምሥራቅ ጽሑፎች አሉት፤ አብዛኛው ዓረብኛ ነው፤ ብዙው በተጓዡ በኡልሪኽ ያስፐር ዜትሰን የተሰበሰበ። ጥንታዊ ጽሑፍ ማየት የሚፈልግ በዚያው ቀን ሄዶ አያገኝም። የጽሑፉን መለያ ቁጥር ከማውጫው አውጥቶ ከቀናት በፊት ማዘዝና መታወቂያ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ከመሄድ በፊት ደግሞ የተፈለገው ጽሑፍ በዲጂታል መኖር አለመኖሩን ማየት ጥሩ ነው፤ ካለ ዋናውን አያወጡም።